ዋ

አዳማ፣ ግንቦት ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ አስፋልቱ ሲላላ፣
በብድር ቢሮው በር ተራዬን ጠብቄ
ገባሁ፣ ተቀመጥኩኝ፣ ላቤን አደራርቄ።
"ምን ልታዘዝ?" አለኝ።
"ኦቨርሎክ ልገዛ፣ ጫፍ የምትለቅም፣
መጋረጃ ሰፊ ያለሷ አይቆምም።"
ስሜን ጠየቀና ቁልፉን ቀጠቀጠ፣
ማያው ላይ አፈጠጠ፣ እኔ ላይ አፈጠጠ።
"ዘርፈሽዋል?"
"አቤት።"
"ጥቅምት የወሰድሽው ይኸው አልተመለሰ፣
ሠላሳ አምስት ሺህ፤
ወለዱም ወላልዶ የልጅ ልጅ ደረሰ።"

እኔ? ጥቅምት ላይ?
ጥቅምትማ እኔ ለሶደሬ ሆቴል
መቶ ሃያ ሜትር ዘርፍ ነበርኩ ስቀጥል።

ስሜን ያወጣው አባቴ ነው፣ ምድር ባቡር ሳለ፣
"የልብስሽ ዘርፍ ይብዛ፣ ለሺህ ይዋል" አለ።
ልጁ ግን ሲያነበው አንዷን ፊደል ዘሎ
"ዘርፈሻል" አደረገው፣ በዓይኑ ጠቅልሎ።
በስሜና በክሴ መሃል
አንዲት ፊደል ብቻ ዘብ ቆማ ኖራለች፤
እሷም ዋ! እያለች።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ።
የመስከረም ማታ፣ ፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ፣
ከሌንሴ የገዛሁት ቆሎ፣ ሁለት ስኒ ሙሉ፣
በልቼ ስጨርስ ተፈታ ጥቅሉ፤
ከጨውና ከሱፍ ፍርፋሪ ስር
ማን ቢያየኝ ጥሩ ነው?
እኔ። ጉርድ ፎቶዬ፣ አንድ ጆሮ የጎደለው፣
መታወቂያዬ፣ ኮፒው የተንጋደደው፣
የቤት ቁጥሬ፣ የእናቴ ስም፣
ስልኬ ሳይቀር፣ በራሴ እስክሪብቶ።
ሌንሴ ሳቀች፤ "ታዋቂ ሆንሽብኝ!"
"ከየት አገኘሽው?"
"ከኮፒ ቤት ነዋ፣ የተበላሸውን በኪሎ ይሸጣል።"
እኔም ሳቅሁ። ጨው የነካው ጣቴን
በገዛ ፊቴ ላይ ጠራርጌ ጣልኩት።

አንድ ሰው አንስቶታል። ወይም ከዚያው ኪሎ
መንትያውን አግኝቷል።
በስሜ ሲም ወጣ፣ ሲሙ ተበደረ፣
ስሜ ከኔ ውጭ ሲያመሽ፣ ሲያድር ኖረ።

"ባንክ ሂጂ" አለ ፖሊስ፤ ባንክ "ቴሌ ጠይቂ"፤
ቴሌ "ከፖሊስ ዘንድ ወረቀት አስልኪ"።
አምስት ወር ፈጀብኝ፣ ሰባት ማኅተም፣
እኔ እኔ ነኝ ማለት።

አንዳንድ ሌሊት ግን፣ መርፌው ሲሰበር፣
ሌላዋን ዘርፈሽዋል አስባታለሁ።
ምን ገዛችበት? ጫማ? የኪራይ ዕዳ?
ልጇ ታሞባት ይሆን?
ወይስ ሴት አይደለችም፣ ጢም ያለው ጎረምሳ ነው፣
"ዘርፌ" ሲሉት "አቤት" የሚል፣ ሳያፍር?
ልረግማት እነሣለሁ፤
ምላሴ ላይ ሲደርስ የገዛ ስሜ ነው፣
መልሼ እውጠዋለሁ።

የዕቁባችን ዳኛ፣ ቦጋለች፣ ፊደል አትለይም፣
ፊት ግን ታውቃለች።
"የባንክሽን ወሬ ለባንክ ንገሪው፣
ዕጣው የዛሬ ነው፣ ያንቺ ነው፣ ቁጠሪው"
ብላ ብሩን ጭኔ ላይ ዘረገፈችው።
ኦቨርሎኳ ያቺ ናት፤ በሩ ጋ የምትጮኸው።

ዛሬ ኮፒ ቤት ስገባ ልጁ ይሳሳቃል፤
"መጣች!" ይላል፣ ያውቀኛል።
የተበላሸውን ቆጥሬ እቀበላለሁ፣
ቤት ወስጄ በመቀስ ዘርፍ አወጣለታለሁ፣
ቀጭን፣ ቀጭን፣ ማንም እስከማይገጥመው።
በደህናው ላይ ደግሞ፣ ከትከሻዬ እስከ ግንባሬ፣ በሰያፍ፣
"ለዚህ ጉዳይ ብቻ" ብዬ ቀኑን እጽፋለሁ።
"ከባንክ ነው፣ እመቤት፣ የሚስጥር ቁጥርዎን"
የሚል ማር ድምፅ ሲደውል
"ሚስጥር ከሆነማ ምነው ጠየቅከኝ?" ብዬ እዘጋለሁ።
በየወሩም ያን ቢሮ እሄዳለሁ፣
ምንም ላልበደር፣
ስሜ ቤቱ ማደሩን አይቼ ልመለስ።

ስፈርምም እጄ ቀስ ይላል።
ዘ፣ ር፣ ፈ፣ ሽ፤
አምስተኛዋ ላይ ስደርስ
ወረቀቱ እስኪጎደጉድ
እስክሪብቶዬን እጫነዋለሁ።